ሳይቃጠል በቅጠል፦ የመንዝ ብርድ ላፕቶፕን አያድንም

መንዝ ሲባል ለአዲስ አበባ ነጋዴ ቶሎ የሚታወሰው በጉ፣ ባናውና ብርዱ ነው። በጉ በበዓል ሰሞን በአይሱዙ ተጭኖ ይወርዳል፤ ባናው ተጣጥፎ ሱቅ ውስጥ ይደረደራል፤ ብርዱ ግን የሚገዛው ስለሌለ እዚያው ደጋው ላይ ይቀራል። ይህ ገዢ ያጣ ብርድ ታዲያ በኮምፒዩተር ገበያ ውስጥ አንድ አገልግሎት አግኝቷል። ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚሸጡ ሰዎች መከራከሪያ ሆኗል። ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ የመጣ ደንበኛ «ይህ ነገር አይግልም ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ «እናንተ አገር ምን ያግለዋል? ብርዱ ራሱ ያቀዘቅዘዋል» ይባላል። ደንበኛውም አገሩን ስለሚያውቅ ይስቅና ይከፍላል።

መሳቁ አይከፋም፤ ሳይመረምር መክፈሉ ግን ለኪሳራ ይዳርገዋል። ላፕቶፕ የሚቀዘቅዘው በአገሩ የአየር ጠባይ ሳይሆን በሆዱ ውስጥ በሚያልፈው አየር ነው። አየሩ ካላለፈ ጓሳ ላይም ይግላል፤ በደንብ ካለፈ ጀማ በረሃ ውስጥም ይሠራል። ገበያው ይህን ቀላል ነገር በዋጋው ውስጥ ስላላስገባው ገዢው የሚከፍለው ለማያየው ጉድለት ነው።

ነገሩ የቴክኒሻኖች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ከብሩ መጀመር ይሻላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከ140 ብር በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ውጭ አገር 400 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ በምንዛሪው ሒሳብ ብቻ፣ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የአስመጪው ትርፍ ሳይታከልበት፣ ከ22,800 ብር ወደ 56,000 ብር ወጣ ማለት ነው። በእርግጥ ከዚያ በፊትም አስመጪው ሁሉ ዶላር በባንክ ዋጋ ያገኝ ስላልነበረ የሱቁ ዋጋ እንደ ባንኩ ተመን አልዘለለም። አቅጣጫው ግን አንድ ነው። ቀድሞ ሲበላሽ ተጥሎ የሚተካ ዕቃ የነበረው ላፕቶፕ እንደ ወፍጮ ሞተር እየታደሰ የሚያዝ የሥራ ካፒታል ሆኗል። የወፍጮ ባለቤት ዘይቱን ሳያይ ሞተሩን አያስነሣም። የላፕቶፕ ባለቤት ግን አምስት ዓመት ሙሉ ፋኑን አስከፍቶ የማያውቅ ብዙ ነው።

በመንዝ ጌራ ምድርና በመንዝ ማማ ምድር ከተሞች፣ በግሼ ራቤልም ሆነ በመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ፣ ላፕቶፕ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። የኮምፒዩተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ማመልከቻውንና ውሉን የሚያዘጋጀው በእሱ ነው። የቁጠባ ማኅበሩ ሒሳብ፣ የእህል ነጋዴው የዱቤ መዝገብ፣ የትምህርት ቤቱ ፈተና እዚያ ውስጥ ነው። የዚህ ዕቃ መቆም ስንት ያስከፍላል? ወጪው ተቀንሶ በቀን 700 ብር የሚያስገባ አንድ የመሐል ሜዳ ጽሑፍ ቤት በምሳሌነት ቢወሰድ፣ ላፕቶፑ ሲሞትበት ባለቤቱ ደብረ ብርሃን ወርዶ ጠጋኝ መፈለግ፣ ካልሆነለትም ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት አለበት። በዚህ መካከል አንድ ሳምንት ቢያልፍ 4,900 ብር ቀረ። መሳፈሪያው፣ ማደሪያውና የጥገናው ዋጋ ገና አልተቆጠሩም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ሳምንቱ ወር የሆነበት ጊዜ እንደነበረ የዚያ አካባቢ መንገደኛ አይረሳውም።

የሳሳው አየር

ላፕቶፕ ውስጥ ዋናው ሙቀት አመንጪ ፕሮሰሰር የሚባለው ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ ቺፕ ነው። በተለመደው የቢሮ ላፕቶፕ ውስጥ 15 ዋት ያህል፣ ለጌምና ለቪዲዮ ሥራ ተብለው በተሠሩት ውስጥ ደግሞ 45 ዋትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። የፈጀው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ነው። ሙቀቱ በመዳብ ቱቦ ተጉዞ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ወደቆሙ ስስ የብረት ቅጠሎች ይደርሳል። ፋኑ ከታች በኩል አየር ይስባል፤ በቅጠሎቹ መካከል አሳልፎም በጎን ወይም በኋላ ያስወጣዋል። አየሩ ካነሰና ቺፑ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከተጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያም ካልበቃ ኮምፒዩተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

የመንዝ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አየር ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። የመሐል ሜዳ እናት ይህን ያለ ፊዚክስ መጽሐፍ ታውቀዋለች፤ ውኃው ገና 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ባቄላው ቶሎ አይበስልላትም። የፋኑም ነገር እንዲሁ ነው። በደቂቃ የሚዞረው ዙር ያው ቢሆንም የሚገፋው አየር ክብደቱ ስላነሰ ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ለምሳሌ ጅቡቲ ላይ በ35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ላፕቶፕ ቺፑ ከክፍሉ በ50 ዲግሪ የሚበልጥ ቢሆን 85 ላይ ይቆማል። ያው ላፕቶፕ መሐል ሜዳ መጥቶ በ15 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ሲሠራ ልዩነቱ በአየሩ መሳሳት ወደ 65 ከፍ ቢልበት 80 ይደርሳል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል የነበረው የ20 ዲግሪ ብልጫ ቺፑ ዘንድ ሲደርስ 5 ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ቁጥሩ እንደ ላፕቶፑ አሠራር ከፍ ዝቅ ይላል። ሒሳቡ ግን የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ብርዱ የሰጠውን ከፍታው መልሶ ይወስደዋል።

አምራቾች ይህን ያውቃሉ። አፕል ለላፕቶፖቹ በሚያወጣው መግለጫ የሚሠሩበትን የክፍል ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ፣ የተፈተኑበትን ከፍታ ደግሞ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ አድርጎ ያስቀምጣል። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ የጓሳ ሜዳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ላፕቶፕ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ይሠራል። ነገር ግን ፋብሪካው ከሞከረበት ወሰን ዳር ላይ ስለሆነ ትርፍ አቅም አይቀረውም። ሌላ ቦታ ችላ ቢባል የማይጎዳ ትንሽ አቧራ እዚህ ያስቀጣል።

በነገራችን ላይ ብርድ ዋጋ የለውም ማለትም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ተዋውለው ቢትኮይን «የሚቆፍሩት» ከ20 ያላነሱ ኩባንያዎች ወደዚህ አገር የመጡት በዋናነት ለርካሹ ኤሌክትሪክ ቢሆንም፣ ቀዝቃዛው የደጋ አየርም ከቆጠሯቸው ጥቅሞች አንዱ ነበር። ሆኖም ብርዱን ወደ ገንዘብ የለወጡት በየማሽኑ ላይ በገጠሙት ፋንና በየመጋዘኑ ግድግዳ ላይ በተከሉት ግዙፍ ማራገቢያ ነው። ለብርዱ አልከፈሉም፤ ለማንቀሳቀሻው ግን ከፍለዋል። የደጋው ጽሑፍ ቤት ደግሞ ብርዱን ይዞ ማንቀሳቀሻውን አስደፍኖ ተቀምጧል።

ባና ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ

ማንቀሳቀሻውን የሚደፍነው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ከመንዝ ቤት ውጭ መሄድ አያስፈልግም። ባና ከአገሩ በግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመን፣ የሰውን ሙቀት አቅፎ የሚያሳድር ጨርቅ ነው። ነጋዴው አዲስ አበባ አምጥቶ ሲሸጠውም የሚያሞግሰው በዚሁ ጠባዩ ነው። ማታ ከብርዱ ሸሽቶ አልጋ ላይ የወጣው ሒሳብ ሠራተኛ ላፕቶፑን ባናው ላይ ሲያስቀምጥ፣ ፋኑ አየር የሚስብበት የታችኛው ቀዳዳ ጠጉሩ ውስጥ ይሰጥማል። መጠነኛ ሙቀት የነበረው ኮምፒዩተር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጮኽ ጀመር። ባናው የተሠራበትን ሥራ ነው የሠራው፤ ሰውዬውንም ላፕቶፑንም አሞቀ።

ጉዳቱ በዚያ ምሽት አያበቃም። ከባናው የሚረግፈው የሱፍ ብናኝ በፋኑ እየተሳበ ገብቶ በፋኑና በብረት ቅጠሎቹ መካከል ይጠመዳል። መጀመሪያ ጥቂት ክር ነው፤ ቀስ በቀስ ክሩ አቧራውን ይይዛል፤ አቧራው ሌላ ክር ይይዛል፤ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ እንደ በርኖስ የጠበቀ ሽፋን ይሆናል። ላፕቶፑ ሲከፈት ፋኑ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ሽፋኑ ያለው ከፋኑ ወዲያ ነው። ስለዚህ ከውጭ «ፉፍ» እያሉ መንፋት ብዙ ጊዜ ሽፋኑን የበለጠ ያጠብቀዋል እንጂ አያወጣውም።

እንጨት በተመናመነበት በዚህ ደጋ ደግሞ ኩበት ዋና ማገዶ ነው። ምድጃው ባለበት ክፍል ውስጥ የሚሠራ ላፕቶፕ ቀኑን ሙሉ ጭሱን ይተነፍሳል። ጥላሸቱ ቅባትነት ስላለው ሱፉንና የጠጠር መንገዱን አቧራ አጣብቆ ይለጥፋቸዋል። እንዲህ ያለው ቆሻሻ በብሎወር ብቻ አይለቅም፤ ክዳኑ ተፈትቶ፣ ፋኑ ወጥቶ፣ ቅጠሎቹ በብሩሽና በአልኮል መጠረግ አለባቸው። በዚያው እግረ መንገድ በቺፑና በመዳቡ መካከል የሚቀባው፣ ጠጋኞች ቴርማል ፔስት የሚሉት ቅባት ደርቆ እንደሆነ ይቀየራል። ይህ ቅባት በዓመታት ውስጥ እየደረቀ ሲሄድ ፋኑ ጤነኛ ሆኖ እንኳ ሙቀቱ ከቺፑ ወደ መዳቡ አይሻገርም።

ከዚህ በተቃራኒ ሙቀቱን የፈራ አንዳንድ ሰው ላፕቶፑን ማታ ማታ ብርድ ያለበት ክፍል ያሳድረዋል። ይህም ሌላ ስሕተት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በጓሳ ዙሪያ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እንዲህ ያደረ ብረት ጠዋት ድስት ወደሚፈላበት ክፍል ሲገባ ላዩ ላይ ጤዛ ይቋጥራል፤ ውስጡም እንዲሁ። በዚህ ሰዓት ማብራት ውኃ ላይ ኤሌክትሪክ መልቀቅ ነው። ባትሪውም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ቢደረግ ይጎዳል። ያደረው ዕቃ ከነቦርሳው ቤት ገብቶ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆይና ከዚያ ቢከፈት ችግሩ ይወገዳል።

በመርሐቤቴ በኩል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ነጋዴ የጀማን ሸለቆ መውረድ ግዴታው ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ላፕቶፑን ሳያጠፋ ክዳኑን ብቻ ዘግቶ ቦርሳ ውስጥ የከተተ ሰው፣ ኮምፒዩተሩ በመንገድ ላይ ራሱን ቀስቅሶ በታፈነ ቦርሳ ውስጥ ሲሠራ ሊያገኘው ይችላል። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የተተወ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ከውጭም ከውስጥም ነው። ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባትሪ እንዲህ ሲግል ዕድሜው ያጥራል፤ አልፎ አልፎም ያብጣል። ያበጠ ባትሪ ደግሞ የሚጠገን ሳይሆን ወዲያው የሚወጣ ዕቃ ነው። ከጉዞ በፊት አጥፍቶ መውጣት፣ ላፕቶፑ የሚፈቅድ ከሆነም ቻርጁን 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም ማድረግ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ፋን የሌለው ላፕቶፕ ሬማ ላይ

ከመርሐቤቴ ወዲያ ያለችው ሬማ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በፀሐይ ኃይል መብራት ስሟ የተነሣ የገጠር መንደር ናት። አንድ ከጀርመን የመጣ ድርጅት የቤቶቹን ጣሪያ በፀሐይ ሰሌዳ አልብሶ፣ የሚጠግኑ ወጣቶችንም እዚያው አሠልጥኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት 5,000 ያህል ኤክስ-ኦ የተባሉ የልጆች ላፕቶፖች ከፊሎቹ በአዲስ አበባ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ሲታደሉ፣ ከገጠር ከደረሳቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ የሬማው ነበር።

ፕሮግራሙ በትምህርት በኩል ትችት አላጣውም፤ መምህራኑ በቅጡ ሳይዘጋጁ መሣሪያው ልጆች እጅ መግባቱ ክፍል ውስጥ ግርግር ፈጥሯል ተብሏል። ያ ክርክር ለትምህርት ገጽ ይቆይ። ነጋዴውን የሚመለከተው የመሣሪያው አሠራር ነው። ኤክስ-ኦ ፋን የለውም፤ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክም የለውም። ሙቀት የሚያመነጨው ሰሌዳ የተቀመጠው በኪቦርዱ ሥር ሳይሆን ከስክሪኑ ጀርባ ነው። ስለዚህ ልጁ ጭኑ ላይም ሆነ ባና ላይ ቢያስቀምጠው የሚደፈን ቀዳዳ የለም። ፕሮሰሰሩ በ433 ሜጋኸርዝ የሚሄድ ዘገምተኛ ነው፤ መሣሪያው በሙሉ የሚፈጀውም ጥቂት ዋት ብቻ ነው። የሠሩት ሰዎች ሙቀቱን እንዴት እንደሚያስወጡ ከመጨነቅ ይልቅ መጀመሪያውኑ እንዳይመነጭ አደረጉ።

ይህን አስተሳሰብ ዛሬ ገበያው የሚሸጠው በውድ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ማክቡክ ኤር የሚለውን ላፕቶፑን በራሱ ቺፕ ያለ ፋን እየሠራው ነው። መሐል ሜዳ ላይ ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ማክቡክ ይገዛ ማለት ቀልድ ይሆናል። ትምህርቱን ግን በርካሹም መውሰድ ይቻላል፤ ለሥራው ከሚበቃው በላይ የሚግል ዕቃ አለመግዛት ነው። እዚህ ላይ ደላላው ይወቀሳል። «ኮር አይ ሰቨን ነው፣ ጌሚንግ ነው» እያለ ቁጥሩን እየጠራ ዋጋ ይሰቅላል፤ ገዢውም ቁጥሩ ሲበዛ ዕቃው የሚበልጥ ይመስለዋል። ማመልከቻ ለመጻፍ፣ ሒሳብ ለመመዝገብና ፎቶ ለማተም ባለ 15 ዋቱ ከበቂ በላይ ነው። ባለ 45 ዋቱን የገዛ ሰው የሦስት እጥፍ ሙቀት ገዝቶ በሳሳ አየር ሊያስወጣው ይታገላል። አንዴ የተገዛ ከሆነም መላ አይጠፋም፤ ዊንዶውስ ውስጥ በፓወር ኦፕሽን የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ ማድረግ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ቺፑ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ እንዳይሮጥ ያግደዋል። ሙቀቱ ጎላ ብሎ ሲቀንስ የጽሑፍ ሥራው ልዩነቱን አያውቀውም።

ደላላው፣ ፎርማቱና ግማሽ ሰዓቱ

ባገለገለ ላፕቶፕ ገበያ የተለመደው ሙከራ ማስነሣት ነው። ስክሪኑ ይበራል፣ ኪቦርዱ ይነካካል፣ አንድ ዘፈን ይከፈታል፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ብሩ ይቆጠራል። በሱፍ የተደፈነ ላፕቶፕ ግን አምስት ደቂቃን በቀላሉ ያልፋል። የሚወድቀው በሃያኛውና በሠላሳኛው ደቂቃ ነው። ያን ጊዜ ገዢው ደጀን ላይ ባይሆንም ጣርማ በር ላይ ደርሷል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ለብዙ ሰው የታወቀ ነው። ላፕቶፑ ይንቀራፈፋል። «ቫይረስ ነው» ይባላል። ተከፍሎበት ፎርማት ይደረጋል። ለጥቂት ቀን የቀለለ ይመስልና መልሶ ይንቀራፈፋል፤ እንደገና ይከፈላል። ፎርማት ቺፑ ላይ የቆመውን ሙቀት አያወርድም። አንድ ላፕቶፕ ጠዋት ፈጥኖ ከሰዓት በኋላ የሚዘገይ፣ ሲያርፍ ደግሞ የሚያገግም ከሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት አቧራው ነው።

ኢኮኖሚክስ ለዚህ ዓይነቱ ገበያ ያረጀ ትንታኔ አለው። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ባስገኘለት ሥራው፣ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አሳይቶታል። ሻጩ የዕቃውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው መለየት ስለማይችል ለሁሉም አማካይ ዋጋ ይሰጣል። በአማካዩ ዋጋ ደህናውን ዕቃ የያዘ ሻጭ ስለሚጎዳ ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው ጉድለት ያለበት ነው። የላፕቶፕ ሙቀት ከመኪና ሞተርም የባሰ የማይታይ ጉድለት ነው። ላፕቶፑን ከፍቶ ያስጠረገና ቅባቱን ያስቀየረ ሻጭ ወጪውን በዋጋው ላይ ቢጨምር፣ ገዢው ከጎረቤቱ ሱቅ ካለው ካልተጠረገው ለይቶ ስለማያየው አይከፍለውም። ሻጩም በሚቀጥለው ጊዜ አያስጠርግም። አንዱን ደላላ ክፉ ብሎ መስደብ እዚህ ላይ ብዙ አይጠቅምም፤ ገበያው ራሱ ነው ንጹሑን ዕቃ የሚቀጣው።

መውጫው ጉድለቱን እንዲታይ ማድረግ ነው፤ ለዚያም ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ላፕቶፑ ከሻጩ ጠረጴዛ ላይ ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ ከፍ ባለ ጥራት ቪዲዮ እየተጫወተበት፣ ሌሎች ፕሮግራሞችም ተከፍተውበት ይቆይ። ከዚያ እጅ አየር በሚወጣበት በኩል ይደረግ። ሞቃት አየር በኃይል የሚወጣ ከሆነ ዕቃው ይተነፍሳል ማለት ነው፤ ሙቀቱ መውጣቱ የጤና ምልክት እንጂ የበሽታ አይደለም። ፋኑ እየጮኸ የሚወጣው አየር ግን ጭል ጭል የሚል ከሆነ ተደፍኗል። ሆዱ እየፈጀ ምንም አየር የማይወጣ ከሆነ ፋኑ ሞቷል። ድምፁ የሚንኳኳ ከሆነ የፋኑ ዘንግ አልቋል። ገዢው በዚህ ውጤት ወይ ዋጋ ያስቀንሳል፣ ወይ አስጠርጎ ይወስዳል፣ ወይ ይተወዋል። «ጊዜ የለኝም» የሚል ሻጭም መልስ ሰጥቷል።

አስመጪውና ትልልቁ ሱቅ ደግሞ ከዚህ አልፎ መሄድ ይችላል። በደረሰኙ ጀርባ ላይ «ፋኑ በዚህ ቀን ተጠርጓል፤ ቅባቱ ተቀይሯል፤ ግማሽ ሰዓት ተፈትሿል» ብሎ ማኅተም ማድረግና ለሙቀት ጉድለት የተወሰነ ወር ዋስትና መስጠት ነው። ዋስትናው ሻጩን የሚያስወጣው ዕቃው እውነትም ያልተጠረገ ከሆነ ብቻ ስለሆነ፣ ያስጠረገ ሻጭ ሳይፈራ ይሰጠዋል፤ ያላስጠረገው ይሸሻል። ገዢውም የሁለቱን ልዩነት ያኔ ያያል፤ ለልዩነቱም ይከፍላል። ምንዛሪው ባለበት ደረጃ ይህን ቀድሞ የጀመረ ሱቅ የክፍለ ሀገር ደንበኛን ጠቅልሎ ሊወስድ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ለትንሽ ባለሀብትም ቦታ አለው። የመጥረጊያው ሥራ የሚጠይቀው ብሎወር፣ የትንንሽ ብሎኖች መፍቻ፣ ብሩሽ፣ አልኮል፣ ቴርማል ፔስትና ጥንቃቄ ነው። ጥንቃቄ ሲባል፣ ለምሳሌ አየር በሚነፋበት ጊዜ ፋኑን በእጅ ይዞ አላግባብ እንዳይሽከረከር ማድረግን ይጨምራል። ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚወጡ የኮምፒዩተር ተመራቂዎች መሐል ሜዳ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ቤት ቢከፍቱ ደንበኛው በየቢሮው ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ወቅቱም የታወቀ ነው። አንዱ ከእንቁጣጣሽ በፊት፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ ሳይጀመር ነው። ሌላው ከገና የበግ ገበያ በፊት፣ ነጋዴው ሒሳቡን ሳያጣድፈው ነው። የተጠረገበት ቀን በፕላስተር ላይ ተጽፎ ላፕቶፑ ሆድ ላይ ቢለጠፍ ለሚቀጥለው ጠራጊም ለሚቀጥለው ገዢም ሰነድ ይሆናል።

ያ ቤት እስኪከፈት ድረስ ሞላሌ ያለው ጸሐፊ ላፕቶፑን ከባናው ላይ አንሥቶ ለስላሳ ጣውላ ላይ ያስቀምጠው፤ ከምድጃው ክፍልም ያርቀው። ከኋላ በኩል ባሉት ሁለት እግሮቹ ሥር ሁለት ሁለት የለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ደርቦ ቢያስገባ ከታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይፈጠራል፤ ፋኑም የሚስበው አየር ያገኛል። ቆርኪው ከማንኛውም ግሮሰሪ ደጃፍ በነጻ ይለቀማል።